ባሮ ሽቅብ ፈሰሰ ብሎ የዘገበው ፍራሽ ቤት

ሚያዝያ 14 ቀን፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት፣ ጋምቤላ። በኒውላንድ ሰፈር የሚገኘው «ደህና እደሩ» ፍራሽ ቤት፣ ባሮ ወንዝ ሽቅብ መፍሰሱን በማኅበራዊ ገጹ አስታወቀ።

ዘገባውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ወንዙ ሽቅብ አልፈሰሰም፤ ይህን በማግስቱ ድልድዩ ላይ ቆሜ አረጋግጫለሁ።

ዕድሜዬን የፈጀሁት በዜና ሥራ ነው። ባለሥልጣን «ተመረቀ» ያለኝን ሕንጻ ሄጄ በሩን ገፍቼ ሳላይ «ተመረቀ» ብዬ አላውቅም። ያልተጣራ ወሬ እንደ ክረምት ባሮ ነው፤ ብዙ ይመስላል፣ ቀድተው ሲያስቀምጡት ግማሹ ጭቃ ነው። በዚህ ጠባዬ ከአለቆቼ ጋር አልፎ አልፎ ተጋጭቻለሁ፣ ከባለቤቴ ጋር ደግሞ ዘወትር። «ወጡ እንዴት ነው?» ስትለኝ «እስካሁን በደረሰኝ መረጃ ጥሩ ነው» እላታለሁ። ጡረታ ስወጣ ጠባዬም አብሮኝ ጡረታ ይወጣል ብላ ነበር። አልወጣም።

እንግዲህ እንዲህ ያለ ሰው ስለ ሽቅብ ወንዝ እንዴት ጻፈ ትሉኝ ይሆናል። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ እኔም ራሴን ጠይቄዋለሁ።

ሐጂ ሰይድ ጎረቤቴ ናቸው። ከወሎ መጥተው ጋምቤላ ላይ ፍራሽ መሸጥ ከጀመሩ ወዲህ ጢማቸው ሁለት ጊዜ ቀለም ቀይሯል፤ አንዴ በዕድሜ፣ አንዴ በሂና። ልጃቸው ዘይነባ ማርኬቲንግ ተምራ ከተመለሰች ጀምሮ አባቷን የምትጠይቃቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ማታር ላይ ቅርንጫፍ ልክፈት። ማታር ባሮ ቁልቁል ወርዶ ድንበሩ አጠገብ የሚያገኛት ከተማ ናት። ወዲያና ወዲህ የሚሻገር ነጋዴ እዚያ ያድራል፤ የሚያድር ሰው ደግሞ የሚተኛበት ይፈልጋል። የዘይነባ ሒሳብ ይኸው ነው። የሐጂ ሒሳብ ሌላ ነበር፦ ጂማ ያለው ወንድማቸው ትልቅ መጋዘን አለው፣ ልጅቷ እዚያ ሄዳ በአጎቷ ዓይን ሥር ትሥራ።

ክርክሩ ሲረዝም ሐጂ እኔ ባለሁበት ፍርድ ሰጡ።

«ያ የስልክሽ ነገር እስከ ሚያዝያ መጨረሻ ሱቄን ገዢ ከሞላው፣ ማታር ያንቺ ነው። ካልሞላው ጂማ።»

«አንድ ቀን ቢሞላ ይበቃል?»

«አንድ ቀን ይበቃል። ገዢ ነው ያልኩት ግን። ጥላ ፍለጋ የገባ አይቆጠርም።»

በዚያው ቀን ዘይነባ ላፕቶፗን ታቅፋ ቤቴ መጣች።

«ጋሼ፣ የሚጽፍልኝ ሰው እፈልጋለሁ። የወሩን ፖስት ሁሉ አሁን ጽፈን፣ ኔትወርክ ሲኖር ጭነን፣ ቀንና ሰዓት እንሰጠዋለን። ከዚያ እኛ ብንተኛም ራሱ ይወጣል።»

«ገና ባልመጣ ቀን ምን እንደሚሆን በምን አውቄ እጽፋለሁ?»

«ጋሼ፣ ዜና አይደለም እኮ። ፍራሽ ነው።»

ዕቅዷን ተቀብዬ አየሁ። ሐሙስ በሚለው አጠገብ «ዝናብና እንቅልፍ» ይላል።

«ሐሙስ እንደሚዘንብ ማን ነገረሽ?»

«ባይዘንብም ይለጠፋል።»

«ባይዘንብም?»

«ሰዉ ይናፍቀዋላ።»

ወደሚቀጥለው መስመር አለፍኩ። «በዓለም ላይ ምርጡ ፍራሽ» ይላል። ዓለምን አዳርሰሽ ተኝተሻል ወይ ብዬ ጠየቅኋት። ትንሽ አሰበችና ላፕቶፑን ጭኔ ላይ አስቀመጠችው።

«እሺ፣ እርስዎ ያረጋገጡትን ይጻፉ። እኔ ነገ ከአክስቴ ጋር ማታር ሄጄ ለሱቅ የሚሆን ቤት አያለሁ። እዚያ ኔትወርክ የለም፤ አደራዎን ጋሼ። ጂማ ደግሞ ብርድ ነው አሉ።»

በማግስቱ ሄደች። እኔም ለማረጋገጥ ወደ ፍራሽ ቤቱ አመራሁ።

ጋምቤላን የማያውቅ አንባቢ ካለ ስለ ሚያዝያ አንድ ነገር ልንገረው። ከቀትር በኋላ የቤቱ ቆርቆሮ ብቻውን ይንጣጣል። ፍየሎቹ ጥላውን ተከትለው ግድግዳ ለግድግዳ ይዞራሉ። ከማንጎው ዛፍ ሥር የተቀመጠ ሰው አረፍተ ነገር ይጀምርና መጨረሻውን ለማታ ያቆየዋል። ማታም ቢሆን ቤቱ የቀኑን ሙቀት እንደ ቂም ይዞ ስለሚያድር፣ ሰው አጎበሩን ግቢ ውስጥ ሰቅሎ ከሰማይ በታች ይተኛል። ይተኛል ስል ጋደም ይላል ማለቴ ነው።

ሐጂ ሰላት ላይ ነበሩ። ጫማዬን አወለቅሁ፣ መነጽሬን ኪሴ ውስጥ ከተትኩ፣ ጥግ ላይ ከተነጠፈው፣ ውፍረቱ ሃያ ሳንቲ ከሆነው ባለ ሃያ ስፖንጅ ላይ ወጣሁ። ማስታወሻ ለመያዝ እስክሪብቶ በእጄ ነበር። ቬንትሌተሩ አንገቱን ወደ እኔ አዙሮ ተነፈሰ፣ ወደ በሩ ዞረ፣ ተመልሶ መጣ። ከሩቅ የባጃጅ ድምፅ ይሰማኝ ነበር፤ ቀጠነ፣ ቀጠነና ንብ ሆነ። እስክሪብቶው ከእጄ ሲወድቅ ሰማሁት፤ ወለሉን ሲነካ ግን አልሰማሁም።

ከዚያ ባሮ ሽቅብ ፈሰሰ።

አንዳች ግርግር አልነበረም። ውኃው ዞር አለና የረሳውን ዕቃ ሊወስድ እንደተመለሰ ሰው ወደ ደጋው መሄድ ጀመረ። ዓሣ አጥማጆቹ ዳር ቆመው ያዩታል፤ አንደኛው «መንገድ ላይ እንዳይመሽበት» አለ። ድልድዩ ላይ አባ ኮዳ፣ ያ ረጅሙ መላጣ ወፍ፣ ክንፉን ወደ ኋላ አጣምሮ ስብሰባ ይመራል፤ ጦጣ ቃለ ጉባዔ ትይዛለች። ዞር ስል አልዌሮ ግድብ ነኝ። ውኃው ተኝቷል፤ ከግድቡ በታች ያለው ሩዝ በሙሉ እንደ ሕፃን ሆድ ቀስ እያለ ከፍ ዝቅ ይላል። የሆነ ሰው «እስ...» አለኝ፤ ድምፄን ዝቅ አደረግሁ። ከዚያ ደግሞ ባሮ ዳር። በወንዙ ላይ አንድ ፍራሽ ተንሳፍፎ ወደ ማታር ይሄዳል። ላዩ ላይ አንዲት ሴት አረንጓዴ ዣንጥላ ዘርግታ ተቀምጣለች። ፊቷን ለማየት ወደ ውኃው ጠጋ ስል፦

«ጋዜጠኛው፣ ልዘጋ ነው» አሉ ሐጂ።

ቤቴ ሄጄ ላፕቶፑ ፊት ተቀመጥኩ። የማውቀውን ብቻ እንድጽፍ ራሴን አዘዝኩ። ፍራሹ ምርጥ መሆኑን አላውቅም፤ ከሌላ ፍራሽ ጋር አላወዳደርኩትም። ዕድሜው ረጅም መሆኑን አላውቅም፤ ገና አላረጀም። በዓይኔ ያየሁት ያየሁትን ነው። ስለዚህ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦

«በደህና እደሩ ባለ ሃያ ፍራሽ ላይ የተኛ አንድ የከተማችን ነዋሪ ባሮ ወንዝ ሽቅብ ሲፈስ ማየቱን ገለጸ። ወንዙ ጸጥ ያለ ነበር። ዜናውን ከሁለተኛ ምንጭ ማረጋገጥ አልተቻለም።»

ቀጠልኩ። የአባ ኮዳው ስብሰባ አንድ ፖስት ወጣው፣ የሩዙ ትንፋሽ አንድ፣ ስለ ዣንጥላዋ ሴት ደግሞ «ማንነቷን ለማጣራት የተደረገው ጥረት ሱቁ በመዘጋቱ አልተሳካም» የሚል። በማግስቱም ቀትር ላይ ሄጄ ተኛሁ፤ በሦስተኛውም ቀን። እስከ ወሩ መጨረሻ የሚበቃ ሕልም ሰበሰብኩ። በሥራ ዘመኔ እንዲህ ለምንጬ ቀርቤ የሠራሁበት ጊዜ የለም።

የቀረው ሰዓት መስጠት ነበር። የዘይነባን ዕቅድ ዘረጋሁ። ሰዓት በሚለው ዓምድ ከላይ እስከ ታች 8:00 ይላል።

አዘንኩላት። ልጅ ናት። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ እንሽላሊት እንኳ ዓይኗን በማትገልጥበት ሰዓት፣ ጋምቤላ ውስጥ ስልክ የሚያይ ማን አለ? ሰው ሥራ የሚገባው ጠዋት ሁለት ሰዓት ነው፤ ጽሑፍም የሚነበበው ያኔ ነው። የአርታኢ ብዕር የሌላውን ስህተት ሲያይ ይበላዋል። 8:00 የሚለውን ሁሉ 2:00 አደረግሁት። ማሽኑ «ጥዋት ወይስ ከሰዓት?» ብሎ ጠየቀኝ። ጥዋት አልኩት። ተስማማን።

ሥራው ሲያልቅ ላፕቶፑን ለመጀመሪያ ጊዜ ከደንኩት። ስከፍተው የይለፍ ቃል ጠየቀኝ። የይለፍ ቃሉ ዘይነባ ጋ ነው፣ ዘይነባ ማታር ናት፣ ማታር ኔትወርክ የላትም። ግድ አልሰጠኝም፤ ሥራዬን ጨርሻለሁ። ለማየትም አልቸገረኝም፤ የእኔ ስልክ ባለ ቁልፍ ናት፦ ትደውላለች፣ ይደወልባታል፣ መብራት ሲጠፋ ባትሪ ታበራለች። ተኛሁ። እኔ የትም ብሆን የምተኛ ሰው ነኝ።

ሚያዝያ 14 ቀን ጠዋት ሐጂ በሬን አንኳኩ።

«ጋዜጠኛው፣ ሌሊት ሌሊት ሕዝቡን ምን እያልከው ነው?»

«እኔ? ተኝቼ ነበር።»

«አንተ ተኝተሃል። ከተማው ነቅቷል። ና እስቲ።»

በሱቁ ደጃፍ ኦኬሎ ቆሟል። ኦኬሎ የሰፈራችን ባጃጅ ነጂ ነው፤ ዓይኑ እንደ ባጃጁ የኋላ መብራት ቀልቷል።

«ጋሼ፣ ሽቅብ የሄደው ወንዝ፣ በየትኛው ፍራሽ ነው?»

«የት አነበብከው?»

«ስልክ ላይ። ሌሊት ስምንት ሰዓት።»

«ሌሊት ስምንት ሰዓት ነቅተህ ምን ታደርጋለህ?»

«ሙቀት ነዋ ጋሼ። ግቢ ተኝቼ ሰማይ አያለሁ። ሰማይ ሲሰለቸኝ ስልክ አያለሁ። ስልኩ ‘ደህና እደሩ’ አለኝ። እንዴት ልደር? አነበብኩ። ወንዝ ወደ ደጋ ሄደ። ትንሽ በረደኝ።»

የእሱን ያህል የነቃ ሰው ብዙ ነበር። በከተማው ግቢ ሁሉ፣ በየአጎበሩ ውስጥ፣ ላቡን እየጠረገ ስልክ ሲያበራ ያደረ ሰው ሁሉ አንብቦታል፤ በዚያ ሰዓት ሌላ የሚነበብ ነገር አልነበረምና። ፖስቱ ለምን ሌሊት እንደወጣ ግን አልገባኝም። ማሽኑ ተሳስቷል ብዬ መዘገብኩ። ማቆም ደግሞ አይቻልም፤ ላፕቶፑ እንደተቆለፈ ነው፣ ነገም ከነገ ወዲያም የተቀጠረ ሕልም ተራውን ይጠብቃል። የተቀጠረ ፖስት እንደ ክረምት ጎርፍ ነው፤ ላይ አገር ዘንቦ አልቋል፣ አንተ ታች ሆነህ እጅህን ብትዘረጋ አይመለስም።

ሌሊቱን አባ ኮዳ ስብሰባውን መራ።

በማግስቱ የአንድ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ሱቁ መጡ። ስለ ሰው መልክ አስተያየት መስጠት ልማዴ አይደለም። ረጅም ናቸው፣ ጸጉር የላቸውም፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ነው የሚሄዱት። እነዚህ እውነታዎች ናቸው።

«አባ ኮዳ የተባለው ማን ነው?» አሉኝ።

«አባ ኮዳ ነው።»

«ወፉ?»

«ወፉ።»

አንገታቸውን አሰገጉ። «ስብሰባው በምን ተጠናቀቀ?»

«አልተጠናቀቀም። ለሻይ እንደተነሡ አልተመለሱም።»

«ይህን የውስጥ ሰው ካልሆነ አያውቀውም» አሉና ዙሪያቸውን አዩ። «በየትኛው ፍራሽ ላይ ነበር?»

አሳየኋቸው። ጫማቸውን አወለቁ። ሁኔታውን ከውስጥ ለመገምገም ነው ብለው ጋደም አሉ፤ እስከ ሥራ መውጫ ሰዓት ገመገሙ።

ከዚያ በኋላ ሱቁ ሱቅ መሆኑ ቀረ። ሌሊት ያነበበ ሁሉ ቀን ይመጣል፣ ጫማውን በር ላይ ያወልቃል፣ አንዱን ፍራሽ ይመርጣል፣ «ልሞክረው» ይላል፣ ይተኛል። ጫማው ተደርድሮ ሲያዩ መስጊድ መስሏቸው የገቡ መንገደኞች ነበሩ፤ እነሱም ተኙ። ቬንትሌተሩ አንገቱን እያዞረ ሁሉንም በየተራ ያበርዳል። ሐጂ በእግር ጣታቸው እየሄዱ፣ በሹክሹክታ ዋጋ ይናገራሉ። የሚሰማቸው የለም። እኔም ከቤቴ ይልቅ እዚያ መዋል ጀመርኩ። ሁኔታውን ለመከታተል ነው።

የወሩ መጨረሻ ሲደርስ ሐጂ ከደጅ ባለችው በርጩማ ላይ ተቀምጠው አገጫቸውን ይዘዋል።

«ሱቁ ሞልቷል» አልኳቸው ለማጽናናት።

«ሞልቷል። በማን?»

«በ...ሰው።»

«ገዢ ነው ያልኩት ጋዜጠኛው። ይህ እንቅልፋም ነው። ፍራሽ ቤት ነበረኝ፣ አልጋ ቤት አደረጋችሁት። ለጂማው ወንድሜ ልጅቷ ትመጣለች ብዬ ነገ እደውላለሁ።»

ይህን ሲሉ ከማታር የመጣው መኪና መንገዱ ላይ ቆመ። ዘይነባ ወረደች። አቧራው ሽፋሽፍቷን ሳይቀር አልብሷታል። የጫማውን ሰልፍ አየች፤ በበሩ አንገቷን አስግጋ የተኛውን ሕዝብ አየች፤ ከዚያ ቦርሳዋ ውስጥ ያለው ስልክ ከሁለት ሳምንት በላይ ያጠራቀመውን ሁሉ ማንጫረር ጀመረ። ቆማ አነበበች። ፊቷ ላይ ምን እንደሚነበብ ከአቧራው የተነሣ ማጣራት አልተቻለም።

«ጋሼ።»

«አቤት።»

«ስምንት ሰዓቱን ማን ነካው?»

«አርሜልሽ ነው። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ሰው አያነብም።»

«ስምንት ያልኩት በእነሱ አቆጣጠር ነው። በእኛ ጠዋት ሁለት ሰዓት ማለት ነው። እርስዎ ሁለት ሲሉት ሌሊት አደረገው፤ ለማሽኑ ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ጥዋት ነው።»

አርባ ዓመት ያህል ከባሕር ማዶ ዜና ስድስት ሰዓት እየቀነስኩ ወደ እኛ ሰዓት የመለስኩ ሰው ነኝ። የማሽኑም ሰዓት የባሕር ማዶ መሆኑን ግን ዘንግቼው ነበር።

ዘይነባ ግን እኔን ትታ የተኙትን እያየች ነበር። «አባ፣ ነገ ነው የሚደውሉት?»

«ነገ ነው።»

«እንግዲያው ዛሬ የእኔ ነው።»

ከጓዳ ካርቶን ቀደደች፣ በማርከር ጻፈች፣ ከቬንትሌተሩ በላይ ሰቀለችው። ከዚያ እጇን አጨብጭባ የተኛውን ሁሉ ቀሰቀሰችና ጽሑፉን ጮክ ብላ አነበበችላቸው፦

«መሞከር በነጻ። ያንኮራፋ ገዝቷል።»



«ይህማ ወጥመድ ነው ልጄ» አሉ ሐጂ።

«ተነቦላቸዋል አባ። የማይስማማ ይነሣ። ማንኮራፋት ግን ፊርማ ነው።»

የተወሰኑት ተነሥተው ጫማቸውን ፈለጉ። የቀሩት ተያዩ። ኃላፊው «እኔ አላንኮራፋም» አሉና ጎናቸውን አዞሩ። ኦኬሎም ጋደም አለ። ከማታር ደረቅ ዓሣ ይዛ መጥታ ዘመዶቿ ጋ የሰነበተችው ኛማል፣ ጥግ ያለውን ፍራሽ በእጇ ጫን ጫን እያደረገች ቁጭ ብላ ቀረች። ውጪ ፍየሎቹ ጥላቸውን ተከትለው ዞሩ። ቆርቆሮው ተንጣጣ። ዘይነባ በርጩማዋ ላይ ጀርባዋን አቅንታ ታዳምጣለች፤ ጂማና ማታር በሰው አፍንጫ ላይ ተንጠልጥለዋል።

መጀመሪያ የተሰማው ከቬንትሌተሩ የሚለይ አልነበረም። እየቆየ ወፈረ። መጋዝ ሆነ፤ ከዚያ ጣውላውም ተሰማ።

ዘይነባ ሄዳ የኃላፊውን ትከሻ ነካ አደረገች። «እንኳን ደስ አለዎት።»

«አላንኮራፋሁም።»

«ምስክር አለ» አለችና ወደ እኔ ዞረች።

ሁሉም አዩኝ። የሰማሁትን ብቻ ተናገርኩ። «ድምፅ ነበር። አቅጣጫው ከእርስዎ ነው። ሁለተኛ ምንጭ ግን ያስፈልጋል።»

«እኔ ሰምቻለሁ» አለ ኦኬሎ ከበሩ ሲመለስ። «ባጃጄ መስሎኝ ሞተሩን ላጠፋ ወጥቼ ነበር።»

በመጀመሪያ የሳቁት ኃላፊው ራሳቸው ናቸው። ሲስቁ የነቃ ሌላ ሰው ሳቀ፤ ሳቁ ያላነቃው ደግሞ በዚያው እያንኮራፋ ተያዘ። ኃላፊው ባለ ሃያውን ገዙ። ከጎናቸው የነበሩትም «እኛም እናንኮራፋለን፣ ለምን እንዋሻለን» እያሉ መጠን አስመረጡ። ኦኬሎ ሐጂን ቀርቦ አነጋገራቸው።

«እኔ ምንም ሕልም አላየሁም። ወንዝ የለም፣ ወፍ የለም። ጨለማ ብቻ። ጋሼ ውሸት ጽፏል።»

«ታዲያ?» አሉ ሐጂ።

«በጣም ጥሩ ነው። ስጠኝ።»

ያን ቀን ሐጂ ላይ ታች ሲሉ፣ ፍራሽ ሲጠቀልሉ፣ ገመድ ሲያስሩ ዋሉ። ሹክሹክታውን ትተው እንደ ድሮው ይጮኹ ነበር። ጸሐይ ሲያዘቀዝቅ ኛማል ከተቀመጠችበት ተነሣች። እንደ ዘንግ ቀጥ ያለች ሴት ናት፤ ስትቆም ሐጂ ቀና ብለው ነው የሚያዩዋት።

«እኔ አላንኮራፋሁም» አለች። «ግን ፍራሹ ጥሩ። መኪና ላይ ልጭነው አቧራ ይበላዋል። ማታር ሱቅ አላችሁ?»

ዘይነባ የምትጠቀልለውን ፍራሽ እንደያዘች ቆመች። ወደ አባቷ አልዞረችም። ሐጂ ገመዱን ሁለት ጊዜ ቋጠሩት፣ ጢማቸውን ዳበሱ፣ ደግመው ቋጠሩት።

«ለጊዜው የለንም» አሉ።

በማግስቱ ጂማ ደወሉ። አጠገባቸው ነበርኩ። ወንድማቸውን ስለ ጤና፣ ስለ ልጆች፣ ስለ ዝናብ ጠየቁት። ከዚያ «ልጅቷ? ልጅቷ ሥራ ላይ ናት» ብለው ዘጉት።

ዘይነባ ዕቅዱን እንደገና ስታዘጋጅ ሰዓቱን እንዳታስተካክለው ብዬ ላስታውሳት ነበር። ቀድማኝ ነበር። ሰዓት በሚለው ዓምድ ላይ ከላይ እስከ ታች 2:00 ይላል። ጽሑፉን ግን ለእኔ ተወችው። ቀትር ላይ እሄዳለሁ።

ሐምሌ 3 ቀን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ድልድዩ ላይ ነበርኩ። ባሮ ሞልቶ ነበር፤ የሚፈሰውም ቁልቁል ነው። መንገዱ ጭቃ ስለነበር የማታር ጭነት በጀልባ ነበር የሚሄደው። ፍራሽ የተቆለለባት ጀልባ ከዳር ተነሥታ በድልድዩ ሥር አለፈች። ኛማል ከፊት ተቀምጣለች። ዘይነባ ከፍራሾቹ አናት ላይ ናት። ካፊያ ጀመረ። ዣንጥላዋን ዘረጋች። አረንጓዴ ነው።